ሲቪዎ ድረ ገጽ ላይ ከወጣ በኋላ ምን ይገጥመዋል?

ሥራ ፈላጊ ሲቪውን በሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገባ፣ አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች እንደሚያነብለት ያስባል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ፋይሉን መጀመሪያ የሚቀበለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ከፋይሉ ያወጣል፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ የሥራ መደቡን፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የተሠራበትን ዘመንና ትምህርቱን እየለየ በየቦታው ይመዘግባል። የሰው ኃይል ባለሙያው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ይህን መዝገብ ነው፤ ያውም ፈልጎ ካገኘው።

ነገሩ ሁሉ ያለው «ፈልጎ ካገኘው» የሚለው ላይ ነው። ሲቪን ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ማለት ከሺህ ስሞች መካከል ተፈልጎ በሚገኝ ሁኔታ መመዝገብ ማለት ነው። ይህን ባለማወቃቸው ብቻ ብቁ ሰዎች ወራት ሙሉ መልስ ሳያገኙ ይቀራሉ፤ ጥፋቱም የችሎታቸው እየመሰላቸው ሞራላቸው ይወድቃል። ሥራ ማጣት ብቻውን ከባድ ነው። በፋይል አሠራር ምክንያት የሚመጣ ዝምታን እንደ ፍርድ ቆጥሮ ራስን መናቅ ሊጨመርበት አይገባም። ስለዚህ በሌላኛው ወገን፣ በቀጣሪው ኮምፒውተር ላይ፣ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል።

ሁሉም ድረ ገጽ አንድ አይደለም

የሥራ ማስታወቂያ ከጋዜጣ ወደ ኢንተርኔት መሸጋገር የጀመረው በ1990ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከቀደምቶቹ አንዱ ሞንስተር በ1994 ተመሠረተ። ሊንክድኢን በ2003፣ ኢንዲድ በ2004 ሥራ ጀመሩ። ሦስቱ የጀመሩበት መንገድ የተለያየ ነበር፤ ልዩነቱም ዛሬ ድረስ ለሥራ ፈላጊው ትርጉም አለው። አንደኛው ዓይነት፣ እንደ ሞንስተር፣ ቀጣሪው ከፍሎ ማስታወቂያውን በቀጥታ የሚያወጣበት ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው፣ እንደ ኢንዲድ፣ ከየድርጅቱ ድረ ገጽና ከሌሎች ሰሌዳዎች ማስታወቂያ እየለቀመ በአንድ ቦታ የሚያሳይ የፍለጋ ሞተር ነው። ሦስተኛው፣ እንደ ሊንክድኢን፣ ሰዎች የሙያ ታሪካቸውን አስቀምጠው እርስ በርስ የሚተዋወቁበት መረብ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ሁሉንም ለመሆን ስለሚሞክሩ ድንበሩ ደብዝዟል።

ለቀማው አንድ መዘዝ አለው። አንድ ማስታወቂያ በአምስት ቦታ ይታያል፤ ቦታው ከተሞላ በኋላም ቅጂው ሳይነሣ ሊከርም ይችላል። አንዳንድ ድርጅቶች ደግሞ ለአሁኑ ባይቀጥሩም ወደፊት የሚጠሩትን ሰው ለማከማቸት ሲሉ ማስታወቂያውን ክፍት ይተዉታል። ስለዚህ በድረ ገጹ ላይ የወደዱትን ሥራ ሲያዩ ወዲያው ማመልከቻ ከመላክ ይልቅ ወደ ድርጅቱ የራሱ ገጽ ሄደው ቦታው አሁንም መኖሩን ያረጋግጡ። ካለ እዚያው ያመልክቱ። ሰሌዳውን ሥራ መኖሩን ለማወቂያ፣ የድርጅቱን ገጽ ለማመልከቻ መጠቀም ብዙ ድካም ያቀላል።

ፕሮግራሙ ሲቪዎን እንዴት ያነበዋል?

በመካከለኛና በትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ የሚገባው ኤቲኤስ ወደሚባል የአመልካቾች መከታተያ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሥርዓት በኢንተርኔት ላይ አንድ ፍርሃት ሲናፈስ ቆይቷል፦ «ከመቶ 75 የሚሆነውን ሲቪ ማንም ሰው ሳያየው ማሽኑ ይጥለዋል» የሚል። ከዚህ ቁጥር ጀርባ የሚታወቅ ጥናት የለም። ሥርዓቱ በአብዛኛው የሚሠራው መመዝገብ፣ መደርደርና ማስፈለግ ነው። በራሱ ውድቅ የሚያደርግበት የተለመደ ቦታ የማጣሪያ ጥያቄዎቹ ናቸው፤ እነሱ ላይ እመለስበታለሁ።

ትክክለኛው አደጋ የንባብ ስህተት ነው። በግራና በቀኝ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ሲቪ ያስቡ፦ በግራ ስልክ፣ ቋንቋና ክህሎት፤ በቀኝ የሥራ ታሪክ። ለሰው ዓይን ያማረ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ግን መስመሩን ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ያነበዋል። ውጤቱ «እንግሊዝኛ በጣም ጥሩ የሽያጭ ኃላፊ ፈረንሳይኛ መካከለኛ ከ2019 እስከ 2023» የሚል ይሆናል። የሽያጭ ኃላፊነትዎ ከቋንቋ ችሎታዎ ጋር ተቀላቅሎ ከሁለቱም ሳይሆን ቀረ ማለት ነው። በሠንጠረዥና በጽሑፍ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጽሑፍም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። በገጹ ራስጌና ግርጌ ላይ የተጻፈውን ጨርሶ የሚዘሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ብዙ ሰው ደግሞ ስልኩንና ኢሜይሉን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። በኮከብ ወይም በቀለም መስመር የተሳለ የክህሎት ደረጃ ለፕሮግራሙ ምንም አይነግረውም። ታትሞ በስካነር የተነሣ ሲቪ ደግሞ ፎቶግራፍ ስለሆነ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ባዶ ወረቀት ሆኖ ያገኙታል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፒዲኤፉን ይክፈቱ፤ ሙሉውን ጽሑፍ መርጠው ይቅዱና ምንም ቅርጽ በማይቀበል መጻፊያ፣ ለምሳሌ በኖትፓድ ላይ ይለጥፉት። የሚያዩት ጽሑፍ በተራው ከተነበበ ፕሮግራሙም የሚያነበው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከተዘበራረቀ፣ ፊደላቱ ወደ ሌላ ምልክት ከተለወጡ ወይም ምንም ካልተለጠፈ ሲቪውን በአንድ ዓምድ፣ በተራ ፊደልና በግልጽ ርዕሶች እንደገና ይሥሩት። ርዕሶቹም የተለመዱት ይሁኑ፦ የሥራ ልምድ፣ ትምህርት፣ ክህሎት። «ጉዞዬ» ወይም «የተራመድኩበት መንገድ» የሚል ርዕስ ሥርዓቱን ያደናግረዋል፤ ሰውንም ቢሆን አይረዳም። ዘመኑን ከወርና ከዓመት ጋር በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ያስቀምጡ፤ የልምድ ዓመትን ከዚያ ቆጥረው የሚያወጡ ሥርዓቶች አሉና።

ማስታወቂያው ዎርድ ካላለ በስተቀር ፒዲኤፍ ይበቃል። የፋይሉ ስም የእርስዎ ስምና የሥራ መደቡ ይሁን፤ «የመጨረሻ አዲስ 3» በሚል ስም የሚላክ ፋይል በሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ተመልሶ አይገኝም።

ቀጣሪው የሚጽፋቸው ቃላት

አሁን ከቀጣሪው ወንበር ላይ ይቀመጡ። የሒሳብ ሠራተኛ ያስፈልጎታል፤ በፊትዎ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪዎች ያሉበት መዝገብ አለ። ሁሉንም አያነቡም። በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ «አካውንታንት»፣ «ኩዊክቡክስ» (የሒሳብ ሶፍትዌር ነው)፣ «የታክስ ሪፖርት» ብለው ሦስቱም ያሉበትን ብቻ እንዲያመጣ ያዛሉ። ሰላሳ ስም ይመጣል።

ከሰላሳዎቹ ውጭ የቀረ አንድ ሰው አለ። ኩዊክቡክስን ለዓመታት ሠርቶበታል። ሲቪው ላይ የጻፈው ግን «በፋይናንስ የሥራ ሂደት ውስጥ ዘመናዊ የሒሳብ ሶፍትዌር በመጠቀም ልዩ ልዩ ሪፖርቶችን አዘጋጅቻለሁ» የሚል ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀጣሪው ከጻፋቸው ሦስት ቃላት አንዱም የለም። ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ቃላት ለማዛመድ የሚሞክሩ አዳዲስ ሥርዓቶች መጥተዋል፤ ብዙዎቹ ግን አሁንም የሚፈልጉት የተጻፈውን ቃል ራሱን ነው።

ስለዚህ ሲቪ ከመጻፍዎ በፊት ለሚፈልጉት የሥራ ዓይነት የወጡ የተለያዩ ማስታወቂያዎችን ጎን ለጎን ያንብቡ። ደጋግመው የሚመጡት የሥራ መደብ ስሞች፣ የሶፍትዌር ስሞች፣ የምስክር ወረቀትና የመሣሪያ ስሞች ናቸው ቀጣሪዎች የሚፈልጉባቸው። ከነሱ ውስጥ በእርግጥ የሠሩበትን በዚያው ስሙ ይጻፉ። ምህጻረ ቃል ካለው ሙሉውንም አጭሩንም ያስገቡ፤ ፈላጊው በየትኛው እንደሚጽፍ አይታወቅም። መሥሪያ ቤትዎ የሰጠዎት የመደብ ስም ከውጭ የማይታወቅ ከሆነ አይቀይሩት፤ በኋላ ሲጣራ ውሸት ይመስላል። «የፋይናንስ ኦፊሰር 2» የሚለውን እንዳለ ትተው በቅንፍ «አካውንታንት» ብለው መጨመር ግን ሐቀኛ ማብራሪያ ነው።

ቃላትን በነጭ ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ ደብቆ መሙላት የሚል ምክር በየቦታው ይገኛል። አይስሙት። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ሲያወጣ ቀለሙን ይዞ አይወጣም፤ የተደበቀው ሁሉ በመዝገቡ ላይ በግልጽ ይታያል፤ አመልካቹም አታላይ ተብሎ ይታለፋል።

ለቀጣሪው ፍላጎት ማጠጋጋት አዲስ ዘዴ አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 አካባቢ የሚላኖን ገዥ ሉዶቪኮ ስፎርዛን ሥራ ሲጠይቅ ያዘጋጀው ደብዳቤ ረቂቅ እስከ ዛሬ አለ። በአሥር ነጥብ የተዘረዘረ ነው። በቀላሉ የሚነሣና የሚተከል ድልድይ፣ መድፍ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ መሥራት እንደሚችል ይቀድማል፤ ገዥው የሚያስበው ስለ ጦርነት ነበርና። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የተነሡት መጨረሻ ላይ ነው። ያን ያህል ሠዓሊ ስለ ራሱ ከሚኮራበት ሳይሆን አንባቢው ከሚፈልገው ጀመረ።

ከማሽኑ በኋላ ሰው አለ

ተፈልጎ መገኘት የመንገዱ ግማሽ ነው። ዘ ላደርስ የተባለው የሥራ ድረ ገጽ በ2012 ሠላሳ ቀጣሪ ባለሙያዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በሚከታተል መሣሪያ አጥንቶ፣ የመጀመሪያው እይታ 6 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳወቀ፤ በ2018 በድጋሚ ሲያጠና 7.4 ሰከንድ ሆነ። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልወስደውም። ዓይናቸው ያረፈበት ቦታ ግን ልብ ሊባል ይገባል፦ ስም፣ የአሁኑ ሥራና መሥሪያ ቤት፣ የቀድሞው ሥራና መሥሪያ ቤት፣ ዘመኑ፣ ትምህርት። የመጀመሪያው ገጽ የላይኛው ሲሶ ይህን ካልያዘ ቀሪው ሳይነበብ ሊቀር ይችላል። «ታታሪ፣ ሐቀኛና በቡድን መሥራት የምችል» የሚለው መግቢያ ያን ውድ ቦታ ያባክናል፤ እንዲህ ያልጻፈ አመልካች የለምና አንዱን ከሌላው አይለይም።

የሚለየው የተሠራው ሥራ ነው። «የደንበኞችን ቅሬታ መቀበልና መፍታት» የሚለው ከሥራ መዘርዝር የተገለበጠ ነው፤ ሰነፉም ጎበዙም እኩል ይጽፈዋል። «በቀን እስከ 40 ቅሬታ በስልክና በኢሜይል እቀበል ነበር፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተፈታውን ለቴክኒክ ክፍል አስተላልፌ እስኪዘጋ እከታተላለሁ» የሚለው ግን ሰውየውን በሥራ ላይ ያሳየናል። ብዙ ሰው «እኔ የምጠቅሰው ቁጥር የለኝም» ይላል። ቁጥር ማለት የሽያጭ ዕድገት ብቻ አይደለም። ስንት ሰው ያሠሩ እንደነበር፣ ሪፖርቱ በየሳምንቱ ወይስ በየወሩ ይወጣ እንደነበር፣ መጋዘኑ ስንት ዓይነት ዕቃ ይይዝ እንደነበር፣ የትኛውን መሣሪያ እንደተጠቀሙ መጻፍ ይቻላል። የማያውቁትን ቁጥር ግን አይፍጠሩ፤ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠየቁት እሱን ነው።

ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲቪ ማስጻፍ ተስፋፍቷል። ሰዋስው ለማረምና የረዘመውን ለማሳጠር ይጠቅማል። ከባዶ ሲያስጽፉት ግን የሁሉም ሰው ሲቪ አንድ ድምፅ ይይዛል፤ ያልሠሩትንም ጨምሮ ሊጽፍ ይችላል። መጀመሪያ በራስዎ ቃል ይጻፉ፤ ከዚያ ያሳርሙት።

ሲቪዎን ማን እንዲያየው ይፈልጋሉ?

በ2007 ወንጀለኞች የቀጣሪዎችን የይለፍ ቃል ሰርቀው ወደ ሞንስተር የሲቪ መዝገብ ገቡ። የ1.3 ሚሊዮን ያህል ሥራ ፈላጊዎችን ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይል ወሰዱ፤ ከዚያም ከድረ ገጹ የተላከ የሚመስል የማታለያ ኢሜይል ለተጠቂዎቹ ላኩ። በሩን የከፈተላቸው እንደማንኛውም ቀጣሪ መዝገቡን የሚያሳይ ፈቃድ ነበር። ስለዚህ ሲቪ ሲያስገቡ «ይህን የማላውቀው ሰው ቢያነበውስ?» ብለው ያስቡ። ከተማዎ፣ አንድ ስልክና አንድ ኢሜይል ይበቃል። የቤት ቁጥር፣ የመታወቂያና የፓስፖርት ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የእናት ስም ምንም ቦታ የላቸውም። የምስክሮችዎን ስልክም በአደባባይ አያውጡ፤ ሲጠየቁ ይሰጣሉ። ለሥራ ፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ኢሜይል መክፈት ሁለት ጥቅም አለው፦ መልሶች አይጠፉብዎትም፤ አጭበርባሪ ሲመጣም የትኛው በር እንደሆነ ያውቃሉ። ስምዎን በሌላ ፊደል የሚጽፉ ከሆነ በሲቪ፣ በኢሜይልና በዲፕሎማ ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ ይሁን።

አብዛኞቹ ድረ ገጾች ሲቪው ለሁሉም ቀጣሪ እንዲታይ፣ ስም ተደብቆ እንዲታይ ወይም ለሚያመለክቱበት ብቻ እንዲደርስ ያስመርጣሉ። ሥራ ላይ ሆነው ሌላ የሚፈልጉ ከሆነ ይህን ምርጫ ሳያዩ አይለፉ። ሊንክድኢን ሥራ መፈለግዎን ለቀጣሪ ባለሙያዎች ብቻ የሚያሳይ ምርጫ አለው፤ የራስዎ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች እንዳያዩትም ይሞክራል፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይሰጥም። ይህን ራሱ ድረ ገጹ ይናገራል።

መዝገቦቹ በቅርብ የታደሰውን ወደ ላይ የማምጣት ልማድ ስላላቸው በየጥቂት ሳምንቱ ገብተው እውነተኛ ማሻሻያ ያድርጉ። ሥራ ሲያገኙ ደግሞ ሲቪውን ከድረ ገጹ ላይ ያንሡት።

ማመልከት

በሚፈልጉት መደብና አካባቢ የማስታወቂያ ማንቂያ ይክፈቱ፤ አዲስ ማስታወቂያ በወጣበት ቀን ኢሜይል ይደርስዎታል። ብዙ ቀጣሪዎች የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቁ ማንበብ ስለሚጀምሩ ቀድሞ መድረስ ዋጋ አለው።

ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው የማጣሪያ ጥያቄዎች የሚመጡት እዚህ ነው፦ የሥራ ፈቃድ አለዎት? ስንት ዓመት ልምድ? በፈረቃ መሥራት ይችላሉ? ለነዚህ የተሰጠ መልስ ከተቀመጠው መስፈርት ጋር ካልገጠመ ሥርዓቱ ማንንም ሳይጠይቅ ሊያስቀር ይችላል። በግዴለሽነት የተተወ ወይም በስህተት 0 የተሞላ ሣጥን የአሥር ዓመት ልምድን ያጠፋል። ሲቪውን አስገብተው ሲያበቁ ፕሮግራሙ በራሱ የሞላውን ቅጽም አንድ በአንድ ይዩት፤ ዓምዶቹ የተዘበራረቁበት ሰው ስህተቱን የሚያገኘው እዚህ ነው።

በአንድ ጠቅታ ማመልከት የሚያስችለው ቁልፍ ለሁሉም ሰው ቀላል ስለሆነ ክምሩን ያበዛዋል። በቀን ሃምሳ ቦታ ከመጫን ለጥቂት ተስማሚ ማስታወቂያዎች ሲቪን አስተካክሎ መላክ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። የላኩበትን ቀን፣ የድርጅቱን ስም፣ የማስታወቂያውን ሙሉ ጽሑፍና የላኩትን ፋይል ያስቀምጡ። ከወር በኋላ ሲደወል ማስታወቂያው ከድረ ገጹ ተነሥቶ ይሆናል።

ከድረ ገጹ ጎን ለጎን ሰውም ይፈልጉ። በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመና ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን የተመለከተ ጥናት፣ ሥራ ለመለወጥ ይበልጥ የረዱት የቅርብ ወዳጆች ሳይሆኑ መጠነኛ ትውውቅ ያላቸው ሰዎች እንደነበሩ አሳይቷል። ማስታወቂያውን ካዩ በኋላ በዚያ ድርጅት የሚሠራ የድሮ የትምህርት ጓደኛ ወይም የቀድሞ ባልደረባ ካለ ይጻፉለት።

ማስታወቂያ የመሰለ ወጥመድ

ሥራ ያጣን ሰው ተስፋውን ተጠቅሞ መዝረፍ ከወንጀል ሁሉ የከፋ ይመስለኛል። አሠራሩን ማወቅ ግዴታ ነው።

መነሻው ገንዘብ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ማየት ነው። ሥራ ሰጪ ይከፍላል እንጂ አይከፈለውም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1997 ያጸደቀው 181ኛው ስምምነት፣ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይደነግጋል፤ ውስን ልዩ ሁኔታዎችን ግን ይፈቅዳል፤ የሚያስገድደውም ያጸደቁትን አገሮች ነው። የምዝገባ፣ የሥልጠና፣ የዩኒፎርም ወይም የቪዛ ማፋጠኛ ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቅ ማስታወቂያ እዚያው ይቁም።

ሌላው መንገድ ይበልጥ ረቂቅ ነው። በመልእክት መለዋወጫ ብቻ «ቃለ መጠይቅ» ይደረግልዎታል፤ ወዲያው ተቀጥረዋል ይባላሉ። ለቢሮ ዕቃ መግዣ ቼክ ይላክልዎታል፤ ከፊሉን ለአቅራቢው እንዲያስተላልፉ ይነገርዎታል። ባንኩ ቼኩን አጣርቶ ሐሰተኛ መሆኑን እስኪያውቅ እርስዎ እውነተኛ ገንዘብ ልከዋል፤ ዕዳውም የእርስዎ ነው። ሥራው የሌሎችን ገንዘብ በራስዎ ሒሳብ ተቀብሎ ማስተላለፍ ከሆነ ደግሞ በሕገ ወጥ ገንዘብ ዝውውር ሊጠየቁ ይችላሉ።

ከገንዘብ የባሰም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮ በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ 100,000 ያህል ሰዎች ተይዘው የኢንተርኔት ማጭበርበር እንዲሠሩ እየተገደዱ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ብዙዎቹ የተወሰዱት በኢንተርኔት በወጣ የሥራ ማስታወቂያ ተታልለው ነው፤ ከነሱም መካከል የተማሩና ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ አሉ። ርቆ ለሚሄዱበት ሥራ የድርጅቱን መኖር በራስዎ ፈልገው ባገኙት ስልክ ያረጋግጡ፤ ማስታወቂያው ላይ በተጻፈው አይደለም። የላኪውን የኢሜይል አድራሻ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ስም ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። የመታወቂያ ቅጂና የባንክ ሒሳብ የሚሰጠው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው።

መረጃ ወይም ገንዘብ አስቀድመው ሰጥተው ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ለባንክዎ ይደውሉ፤ ቶሎ የተደረሰበት ዝውውር አንዳንዴ ይታገዳል። የይለፍ ቃሎችዎን ይቀይሩ፤ መጀመሪያ የኢሜይሉን። መልእክቶቹንና ደረሰኞቹን ሳያጠፉ በፎቶ ያስቀሩ፤ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ማስታወቂያው የወጣበትን ድረ ገጽም ያሳውቁ፤ ያ ማስታወቂያ እስካልተነሣ ድረስ ሌላ ሰው እያመለከተበት ነው።